ያውቁ ኖሯል? የግራር ሥር እንግዶች

በሰቆጣ ዙሪያ፣ በተራቆተው የዋግ ኽምራ ተዳፋት ላይ ግራር የሚጸናው ብቻውን አይደለም። ችግኙን ከነአፈሩ ቀስ ብለው ቢያወጡት በቀጫጭን ሥሮቹ ላይ ጥቃቅን እባጮች ያያሉ። አንዱን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ዛፍ እንዳለ ሊመገበው አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ለዛፉ በሚስማማው መልክ ያዘጋጁለታል፤ እሱም ስኳር ይሰጣቸዋል።

ይህ ሽርክና የሚጀምረው ግን ዘሩ ከበቀለ በኋላ ነው፤ የግራር ዘር ደግሞ ልባሱ ጠንካራ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲያድር ወይም ፍየል በልታ ስትጥለው ቶሎ ይበቅላል። ባክቴሪያው ከአፈሩ የሚደርስለት ሥር ማውጣት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ችግኝ የምታፈሉ ሁሉ፣ ካረጀ ግራር ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ከመደቡ አፈር ጋር ቀላቅሉ፤ ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል።