ጥቂት ባለ ነፍጦች፤ በሜክሲኮ፣ በፔሩና በኢትዮጵያ (1519–1557)

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በምኖርበት ሠፈር ወዳለው ገበያ ቅዳሜ ጧት የገባ ሰው በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ቲማቲምና ትምባሆ በየመደቡ ተዘርግተው ያገኛል። ከነዚህ አንዱ እንኳ ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት በኢትዮጵያ ምድር አልበቀለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በጎጃም በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉታል፤ እህሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ለመሆኑ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ እነዚህን አዝርዕት በዓለም ላይ የበተነውን ታሪክ፣ ማለት የእስፓንያ ወታደሮች ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋራ የተገናኙበትን ታሪክ፣ እኛ የምንሰማው ከኛ ጋራ ምንም ጕዳይ እንደሌለው ሩቅ ወሬ ነው። ከኛው ታሪክ አጠገብ ቢቀመጥ ግን ሁለቱንም ይበልጥ እንድናስተውል ይረዳናል።

ኮንኪስታዶር የሚለውን የእስፓንያ ቃል በአማርኛ «አገር አቅኚ» ብንለው የተስማማ ትርጕም ይሆናል። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ «አቀና» ማለት የጠመመውን አስተካከለ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ ለአሸናፊው ፈርዶለታል። እኔ የምጠቀምበት የሚተካው ስላጣሁ እንጂ ፍርዱን ተቀብዬ አይደለም።

የዘመኑ መገጣጠም የሚያስደንቅ ነው። ፔሩን ያቀናው ፍራንሲስኮ ፒዛሮ በሊማ ከተማ በገዛ ወገኖቹ እጅ የተገደለው በጁን 26 ቀን 1541 ነበር። ከዚያ ዐሥራ ሦስት ቀን በኋላ፣ በጁላይ 9፣ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን አስከትሎ ከምጽዋ ወደ ደጋው ጕዞ ጀመረ። ፒዛሮ በ1532 በካሃማርካ አደባባይ የኢንካውን ንጉሥ አታሁዋልፓን ሲይዝ የነበሩት ሰዎች 168 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጦር ከፒዛሮ ጦር ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር፤ ነፍጡም ይበዛ ነበር። ታዲያ ተመሳሳይ መሣሪያ የያዙ ተመሳሳይ ሰዎች በአንዱ አገር ጌቶች፣ በሌላው አገር እንግዶች ሆነው የቀሩት ስለ ምን ነው?

በባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ በአንድ የጥናት ስብሰባ ላይ ይኸው ነገር ተነሥቶ ነበር። አንዱ «አሜሪካን ያቀናው ባሩድ ነው» አለ። አንድ ያገሬ ሰው ደግሞ በኩራት «ባሩዱ እኛን ስለ ምን አላቀናንም? ጀግንነት ስለ ነበረን ነው» ብሎ መለሰለት። በዚያን ጊዜ መልሱ ደስ አሰኝቶኝ እንደ ነበረ አልክድም። ዛሬ ግን ሁለቱም ችኩል መልሶች ሆነው ይታዩኛል።

ስለ ባሩድ እንመልከት። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ወደ ሜክሲኮ ምድር ሲወርድ አምስት መቶ ያህል ወታደርና ዐሥራ ስድስት ፈረስ ነበረው። በዚህ ኀይል ብቻ ቴኖችቲትላንን የመሰለ ታላቅ ከተማ መያዝ አይቻልም ነበር። በ1520 ከከተማው ሲባረር ከሰዎቹ ብዙዎቹ አልቀውበታል። ዳግመኛ ተመልሶ ከተማውን የከበበው አዝቴኮችን ከጥንት ጀምሮ ይጠሉ የነበሩትን የትላክስካላን ሰዎችና ሌሎችንም በዐሥር ሺሆች የሚቈጠሩ ረዳቶች አሰልፎ ነው። በፔሩም ፒዛሮ የደረሰው አታሁዋልፓና ወንድሙ ሁዋስካር ስለ ዙፋን ሲዋጉ አገሩ ለሁለት በተከፈለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አቅኚዎቹ አገሬው በአገሬው ላይ ባነሣው ጦር ውስጥ ገቡ ማለት ይሻላል።

ጀግንነትስ? የቴኖችቲትላን ሰዎች ውሃና እህል ተቈርጦባቸው፣ በሽታ እየፈጃቸው፣ በየቦዩና በየድልድዩ ላይ ሰባ አምስት ቀን ያህል ተዋግተዋል፤ ከተማው የወደቀው በኦገስት 13 ቀን 1521 ነው። በጀግንነት ከኛ አነሱ የሚል ሰው ታሪካቸውን ያላነበበ ነው።

አሁን ወደኛው እንመለስ። ፖርቱጋሎቹ የመጡት ተለምነው ነው። የንግሥት እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደርሶ ነበር፤ ኋላም ዐፄ ልብነ ድንግል ከኢማም አሕመድ ጋራ በሚዋጉበት ዘመን የጦር ርዳታ ጠይቀዋል። ክሪስቶቫኦን በደጋው የተቀበሉት ባሕረ ነጋሽ ይሥሐቅ ናቸው፤ ክረምቱንም በድባርዋ አሳለፈ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከጦሩ ጋራ ተጓዙ። በ1542 መጀመሪያ ላይ ድሉ ለፖርቱጋሎች ነበረ፤ ኢማሙም ቈሰሉ። ነገር ግን ኢማሙ ከየመን፣ ከዘቢድ፣ የቱርክ ባለ ነፍጦችና መድፎች አስመጡ። በኦገስት 1542 በወፍላ በተደረገው ጦርነት ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፤ ክሪስቶቫኦም ተይዞ ተገደለ። ኢማሙ ከድሉ በኋላ ከቱርኮቹ አብዛኞቹን አሰናበቱ። የተረፉት ፖርቱጋሎች፣ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡት፣ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋራ ተቀላቀሉና በፌብሩዋሪ 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ ሞቱ፤ ጦራቸውም ተበተነ።

ከዚህ የምንረዳው ባሩድ በኢትዮጵያ በሁለቱም ወገን የነበረ መሆኑን ነው። ፈረስና ብረት ለአገሩ ሰው ብርቅ አልነበሩም። ፖርቱጋላዊውን ያየ የኢትዮጵያ ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ንጉሡ ማን እንደሚባል፣ ሃይማኖቱ በምን እንደሚለይ ይጠይቅ ነበር። ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከ1520 እስከ 1526 በልብነ ድንግል አገር ሲቈይ ስለ ሃይማኖቱ ብዙ ተመርምሯል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1513 የወጣው የእስፓንያ ዐዋጅ «ለጳጳሱና ለንጉሡ ካልተገዛችሁ ጥፋቱ የናንተ ነው» የሚል ቃል ነበረበት፤ ይህም ቋንቋውን ለማይሰሙ ሕዝቦች ይነበብ ነበር። እርግጥ ነው፣ ፖርቱጋልና እስፓንያ ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ፖርቱጋል በምሥራቅ ባሕር በኩል ከሰፊ ግዛት ይልቅ ምሽግንና ንግድን ትመርጥ ነበር። ይህንንም በሚዛኑ ላይ ማኖር ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም እንግዳን በርስትና በጋብቻ የማስቀረት ልማዳችን ነው። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ተከልክሎ፣ መሬትና ሚስት ተሰጥቶት ሲኖር አልቫሬስ በ1520 አገኘው። የዳ ጋማ ጦር ቅሬታዎችም እንደዚሁ መሬት ተሰጣቸው፤ ያገሩን ሴቶች አገቡ፤ ንጉሡንም በወታደርነት አገለገሉ። እኔም ለዚህ ልማድ ትልቅ ስፍራ እሰጠው ነበር። ነገር ግን የሜክሲኮን ታሪክ ሳነብ ያው ልማድ በዚያም አገኘሁት። በ1519 የታባስኮ ሹማምንት ለኮርቴስ ሃያ ሴቶች ሰጥተውታል፤ ኋላ አስተርጓሚው የሆነችው ማሊንትዚን ከነዚያ አንዷ ናት። የትላክስካላ መኳንንትም ሴቶች ልጆቻቸውን ለእስፓንያውያን ድረዋል። የትላክስካላ ሰዎች ያሰቡት ገላውዴዎስ ካሰቡት ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ እንግዳውን በዝምድና አስሮ በጠላት ላይ ማሰለፍ ነው። በአንዱ አገር ሠራ፤ በሌላው አልሠራም።

እንግዲህ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፈንጣጣ ነው። ፈንጣጣ በ1520 ሜክሲኮ ሲገባ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ከሞክቴዙማ ቀጥሎ የነገሠውን ኩይትላዋክን ገደለ። ከርሱ በኋላም ኩፍኝና ሌሎች ወረርሽኞች ተከታተሉ፤ በመቶ ዓመት ውስጥም የነባሩ ሕዝብ አብዛኛው አለቀ። ኢትዮጵያ ግን ከቀይ ባሕር ማዶና ከግብፅ ጋራ በንግድ ተገናኝታ የኖረች ስለ ሆነች እነዚህ በሽታዎች አዲስ አልነበሩባትም። ፖርቱጋሎቹ ይዘው የመጡት ሞት በነፍጣቸው አፍ የሚወጣው ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መርከብ ነው። ከኮርቴስ በኋላ በየዓመቱ ከእስፓንያ ሰዎች፣ ከብቶችና መነኮሳት ይጐርፉ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ግን በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙና በሩ ተዘጋ። የቀሩት ፖርቱጋሎች ከኋላ የሚተካቸው ሳይኖር ለንጉሥ ያደሩ ሆነው ቀሩ። ዮሐንስ ቤርሙዴስ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ እኔ ነኝ ብሎ በተነሣ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ ሊቀበሉት አልፈቀዱም፤ እንደ ልማዱ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ። እንዲህ ያለውን ቃል የትላክስካላ ሹም ለኮርቴስ ሊናገረው ይችል ነበርን? በ1519 ምናልባት ይችል ነበር፤ ሕዝቡ ካለቀና መርከቡ ከበዛ በኋላ ግን አይችልም።

ስለ ምስክሮቹ አንድ ቃል ልጨምር። የወይና ደጋን ዘመን የምናውቀው ከካስታንዮዞ የፖርቱጋል ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በግእዝ የተጻፈው የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል አለ፤ በኢማሙም ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህ ቀደም ያለውን የጦርነቱን ክፍል በዐረብኛ ጽፎታል። የሜክሲኮንም ውድቀት የሳአጉን ደቀ መዛሙርት ከሽማግሌዎች ሰምተው በናዋትል ቋንቋ ጽፈውታል። ተማሪዎቻችን የኮርቴስን ደብዳቤ ሲያነቡ ይህንንም አብረው ቢያነቡ መልካም ነው።

የፖርቱጋሎቹ ዘሮች በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ገና ይታወቁ ነበር። በ1603 የመጣው እስፓንያዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤስ አግኝቷቸዋል። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከፖርቱጋሎቹ ዘር የቀሩት በሕዝቡ ውስጥ ገብተው ስማቸውም ቋንቋቸውም ጠፋ። «ተሸናፊ» የተባሉት የሜክሲኮ ናዋዎች ግን ዛሬም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነው በቋንቋቸው ይናገራሉ፤ በአንዲስ ተራራዎችም ኬቹዋ የሚናገሩ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕዝቦች አሉ። ቲማቲም የምንለውም ቃል ከነዚያው ከናዋዎች አፍ፣ «ቶማትል» ከሚሉት፣ በእስፓንያና በአውሮፓ ዞሮ ኮልፌ ገበያ የደረሰ ነው።