ፍላሹን የሚያዝዘው ማን ነው?

ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ፎቶ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። መጋረጃ አለ፣ በርጩማ አለ፣ ከዣንጥላ ጋር የቆመ ቦግ የሚል መብራት አለ። በፊልም ጊዜ ሰው መልኩን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ በወረቀት ከታተመ በኋላ ነበር። ዓይኑ ተጨፍኖ ከተገኘ እንደገና ይመጣል። ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግሩ ለመጣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ዛሬ ዲጂታል ካሜራ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል። ፎቶ አንሺው ከተቀመጠበት ሆኖ የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ ይለውጣል፤ ቁልፍ ሲነካ ካሜራው ያነሣል፤ ፎቶግራፉም ወዲያው ሰፋ ብሎ በኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል። ለዚህ ሥራ ካነን ለራሱ ካሜራዎች «ኢ.ኦ.ኤስ. ዩቲሊቲ» የሚባል ፕሮግራም አለው። የልዩ ልዩ ፋብሪካዎችን ካሜራ የሚያዝዝና ያለ ክፍያ የሚገኝ «ጂፎቶ 2» የሚባልም አለ።

እኛ ይህን ሥራ የተማርነው አፍረን ነው። በተመደብንባት ትንሽ ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ፎቶ ቤት እናግዝ ነበር። አንዲት እናት ለመታወቂያ ሊነሡ መጡ። የመመለሻ መኪናቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሰው እስኪሞላ ነው የሚቆመው። ካሜራውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝተን ብናይ ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ! «ፍላሹ ደክሟል» አልን። የሌንሱን ቀዳዳ ከፈትን፤ የካሜራውን ትብነት፣ አይ.ኤስ.ኦ. የሚሉትን፣ ከፍ አደረግን። ምስሉ ፈካ። ቁልፉን ስንነካ ግን የእናታችን ፊት እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደገምን፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

«ልጆቼ፣ ዓይኔን ልታወጡት ነው እኮ፤ አልወጣም እንዴ እስካሁን?» አሉ።

ጥፋቱ የፍላሹ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ የሚያዝዘው ካሜራውን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን የፎቶ ቤት ፍላሽ የሚያዝዘው ደግሞ ካሜራው ነው፤ ያውም መዝጊያው በሚከፈትባት ቅጽበት። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተሩ ላይ የምናየው ምስል ፍላሹ ሳይበራ በክፍሉ መብራት ብቻ የሚታየውን ነው። ስለዚህ መጨለሙ ትክክል ነበር! ብዙ ካሜራዎች ይህን የቅድሚያ ማሳያ ወደ መደበኛ ብርሃን የሚመልሱበት ምርጫ አላቸው፤ በካነን «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» የሚባለውን ማጥፋት ነው። ልኩ የሚመዘነው ግን በተነሣው ፎቶግራፍ እንጂ ገና ባልተነሣው አይደለም።

ፍላሹ ራሱ እንዴት ይሠራል? ከደካማ ምንጭ በጠብታ የተጠራቀመ ውሃ እንስራ ሙሉ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲደፋ አስቡ። ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ካሜራው ምልክት ሲሰጠው ዜኖን የተባለ ጋዝ ባለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ በአንዴ ይለቀዋል። ብርሃኑ ከሴኮንድ መቶኛ እንኳ እጅግ ያጠረ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በ1957 እ.ኤ.አ. የወተት ጠብታ ስትፈናጠቅ ዘውድ መስላ የታየችበትን ፎቶግራፍ ያነሣው በእንዲህ ያለ ብርሃን ነው።

ብልጭታው እንደ መብረቅ ስለሆነ በሩ ተከፍቶ ሊጠብቀው ይገባል። የካሜራው መዝጊያ ሁለት መጋረጃ አለው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሴኮንድ በፈጠነ ጊዜ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ይነሣል፤ ፎቶግራፉም ላይ ጥቁር ጥላ ይጋረጣል። ከዚህ ፍጥነት በታች የመዝጊያው ፍጥነት የክፍሉን መብራት እንጂ የፍላሹን ብዙም አይለውጥም። የፍላሹን ብርሃን የሚገድበው የሌንሱ ቀዳዳና ርቀቱ ነው። መብራቱ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ቢርቅ ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ ግማሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኛም መስሎን ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ ካሜራዎች ድምፅ አልባ አነሣስ ከተመረጠ የሌላ ፋብሪካ ፍላሽ አያስነሡም፤ ይህንንም ማጥፋት ያስፈልጋል። አሮጌ ፍላሽ በገመድ ሲያያዝ ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ሊልክ ስለሚችል ካሜራውን ያቃጥላል፤ በሬዲዮ መቀስቀሻ መለየቱ ይሻላል። የዩ.ኤስ.ቢ. ገመዱንም ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ሰው ሲደናቀፍበት ካሜራው ከነማቆሚያው ይወድቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ግድግዳው ላይ የተሰካው ፍላሽ ግን እዚያው ቀረ።

እኛም መዝጊያውን 1/125፣ የሌንሱን ቀዳዳ 8፣ ትብነቱን 100 ላይ መለስን። የቅድሚያ ማሳያው ጨለመ፤ አሁን አልፈራነውም። «እማማ፣ ቀና ይበሉ» አልናቸው። አራተኛው ፎቶግራፍ ከነነጠላቸው ጥልፍ ጥርት ብሎ ወጣ። እናታችን ኮምፒዩተሩ ላይ ጎንበስ ብለው «እኔ ነኝ?» አሉና ሳቁ። አትመን፣ ቆርጠን፣ አራት ጉርድ ሰጠናቸው። መኪናው ገና ሁለት ሰው ይጎድለው ነበር።