በቃል የተጻፈ መመዘኛና በቁጥር የተመዘገበ ውጤት

«50 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ያልፋል» የሚለው መመዘኛ ለመምህር ማብራሪያ አይሻም። ይኸው መመዘኛ ከተማሪዎች ውጤት ጋር በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሁለቱ በቀጥታ የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ውጤቱ ቁጥር ሲሆን፣ መመዘኛው የፊደላትና የምልክቶች ስብስብ ብቻ ነውና።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ እንበል። አንዱ «≥50»፣ ሁለተኛው «ከ50 ያላነሰ»፣ ሦስተኛው «ከ50 እስከ 100» ብሎ መመዘኛውን ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ የሆነው ሐሳብ ለመሣሪያው ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ውጤቱ ራሱ እንደ ጽሑፍ የተወሰደ እንደሆነ ነው። ጽሑፍ የሚነጻጸረው በመዝገበ ቃላት ሥርዓት ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ ስለሆነ፣ 9 ከ50 ይበልጣል፤ በ1 የሚጀምረው 100 ደግሞ ከ50 ያንሳል። ስለዚህ 9 ያገኘው አልፎ፣ ሙሉ ያገኘው ይወድቃል። ከ10 እስከ 99 ያሉት ውጤቶች ሁሉ በትክክል ስለሚለዩ፣ ዝርዝሩን የሚመለከት ኃላፊ ስሕተቱን በቀላሉ አያገኘውም።

መፍትሔው መመዘኛውን ከፋፍሎ መመዝገብ ነው። የማነጻጸሪያው ምልክት በአንድ ዓምድ፣ ወሰኑ በሌላ ዓምድ በቁጥርነት ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙም ምልክቱን አይቶ አስቀድሞ ከተፈቀዱት ጥቂት ማነጻጸሪያዎች አንዱን ይመርጣል። ጽሑፉን እንዳለ እንደ ትእዛዝ ማስፈጸምም ይቻላል። በበኩሌ አልደግፈውም፤ በዚያ ዓምድ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ በመመዘኛ ፈንታ ውጤት የሚለውጥ ወይም የሚሰርዝ ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላልና።

የቋንቋችንም ነገር አለ። «ከ50 በላይ» ሲባል በጥብቅ ትርጉሙ 50 አይገባም፤ በየደብዳቤው ግን 50ን ጨምሮ ለማለት ሲጻፍ እናያለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲጠየቅ፣ ይህን ያሟሉት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከወሰኑ ላይ የቆመ ተፈታኝ ዕድል እንግዲህ «እና ከዚያ» በሚሉት ቃላት ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና ከ700፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ከ600 ይታሰብ ስለነበር፣ አንዱ መመዘኛ 350 እና 300 የተባሉ ሁለት ወሰኖች ነበሩት። መቶኛው ከየትኛው ድምር እንደሚሰላ አብሮ ካልተመዘገበ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

ያልተፈተነ ተማሪ ባዶ ቦታም ዜሮ አይደለም። ባዶ ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር በብዙ ቋቶች እውነትም ሐሰትም ስለማይሆን፣ ተማሪው ካለፉትም ከወደቁትም ዝርዝር ይጠፋል።

ስለሆነም ማንኛውም የውጤት ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በ9፣ በ49.5፣ በ50፣ በ100 እና በባዶ ቦታ ይፈተን። 49.5 ወደ 50 ይጠጋጋል ወይስ አይጠጋጋም የሚለውን ግን መምህራን አስቀድመው ወስነው በጽሑፍ ለፕሮግራም አዘጋጁ ሊሰጡት ይገባል።