«ምልክት ሰጪው»፦ አንድን የመንፈስ ታሪክ ወደ ቴሌቪዥን ያመጡት እነማን ናቸው?



ፊልም አይተን ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተዋናዩ ነው። «እንዴት አድርጎ ፈራ!» እንላለን፤ «እንዴት አድርጎ አለቀሰ!» እንላለን። የጻፈውን፣ ያዘጋጀውን፣ ካሜራ ይዞ ብርድ ላይ የቆመውን፣ ድምፅ የቀዳውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቅ የለም። በትምህርት ቤት የድራማ ክበብም ነገሩ ያው ነው። ምዝገባ ሲጀመር ሁሉም «እኔ ተዋናይ ነኝ» ይላል። መጋረጃ የሚስብ፣ መብራት የሚይዝ፣ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሲፈለግ ግን ሰው ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ጥሩ ታሪክ ይዞ የተነሳ ክበብ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ ዕትም አንድ አጭር የቴሌቪዥን ፊልም እንደ ምሳሌ ወስደን ከጀርባው የነበሩትን ሰዎች እናያለን። ፊልሙ «ምልክት ሰጪው» ይባላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1976 ለሕዝብ አሳየው። ርዝመቱ 40 ደቂቃ ቢሞላ ነው። ዋና ተዋናዮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ትንሽ ሥራ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለይቶ ማየት ይቀላል።

ታሪኩ ከየት መጣ?

ታሪኩን የጻፈው ታዋቂው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1866፣ ዲክንስ ራሱ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት የገና ልዩ ዕትም ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በገና ሰሞን እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያስፈራ ታሪክ መናገር የቆየ ልማድ ነው። እኛ ማታ ማታ «ተረት ተረት» ስንባል ከአያቶቻችን እንደሰማነው ማለት ነው።

ግን ዲክንስ ይህን ታሪክ ሲጽፍ ከራሱ የደረሰበት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1865 ከፈረንሳይ ሲመለስ የተሳፈረበት ባቡር ስቴፕልኸርስት በተባለ ቦታ አደጋ ደረሰበት። ሠራተኞች አንድ ድልድይ ለመጠገን ሐዲዱን ነቅለውት ነበር። ኃላፊያቸው የባቡሩን ሰዓት በስህተት አነበበ። ቀይ ባንዲራ ይዞ የቆመው ሰው ደግሞ ደንቡ ወደ 900 ሜትር ራቅ ብሎ መቆም አለበት ሲል፣ እሱ የቆመው በ500 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ነጂው ባንዲራውን አየ፤ ፍሬን ያዘ፤ ግን ጊዜው አልፏል። 10 ሰዎች ሞቱ፣ 40 ያህል ቆሰሉ። የዲክንስ ፉርጎ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱም ወርዶ በባርኔጣው ውኃ እየቀዳ ቁስለኞችን ሲረዳ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባቡር በተሳፈረ ቁጥር ይፈራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምልክቱ ተሰጥቷል፤ ግን በጊዜው አልደረሰም። የታሪኩም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ታሪኩ በአጭሩ

(ታሪኩን ራሳችሁ ማንበብ ወይም ማየት የምትፈልጉ ይህን ክፍል ዝለሉት።)

አንድ መንገደኛ ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ታች ሐዲዱ ዳር የቆመውን ምልክት ሰጪ ይጠራዋል። ሰውየው ግን ቀና ብሎ እንደማየት ወደ ባቡሩ ዋሻ ዞሮ ያያል። መንገደኛው ወርዶ ሲያነጋግረው ምልክት ሰጪው እንደፈራው ያስተውላል። በማግሥቱ ማታ ምሥጢሩን ይነግረዋል። በዋሻው አፍ፣ ቀዩ መብራት አጠገብ፣ አንድ ሰው የሚመስል ነገር ይታየዋል። በአንድ ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ በሌላው እጁ «ዞር በል!» እንደሚል ሰው ያወዛውዛል። መጀመሪያ የታየው ጊዜ፣ በሰዓታት ውስጥ ትልቅ የባቡር አደጋ ደረሰ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታየው አንዲት ወጣት ሴት ባቡር ውስጥ ሞተች። አሁን ደግሞ እንደገና መጥቷል። ምን ሊመጣ ነው? የት ነው? ሰውየው አያውቅም። በቴሌግራፍ «አደጋ አለ» ቢል «ምን አደጋ?» ይሉታል። መልስ የለውም። «አብዷል» ብለው ከሥራ ያባርሩታል።

መንገደኛው በሌላ ቀን ተመልሶ ሲመጣ ምልክት ሰጪው ባቡር ገጭቶት ሞቶ ያገኘዋል። ነጂው ሰውየውን ከሐዲዱ ላይ ሲያየው እየጮኸ እጁን አወዛውዟል፤ አደጋውን ላለማየትም ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። ልክ እንደዚያ መንፈስ ማለት ነው።

ጽሑፉን ወደ ፊልም የቀየረው አስተማሪ ነበር

ታሪኩን ለቴሌቪዥን የጻፈው አንድሩ ዴቪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በዌልስ፣ ካርዲፍ ተወለደ። በለንደን ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ አስተማረ፣ በኋላም አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን መምህር ሆነ። «ምልክት ሰጪው» በተሠራበት ጊዜ ገና በማስተማር ሥራ ላይ ነበር፤ ብዕሩን የሚያነሳው ከሥራው ጎን ለጎን ነው። ማስተማሩን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት የሰጠው ወደ ሃምሳ ዓመቱ ሲጠጋ ነው። ዛሬ ግን ታላላቅ ልብ ወለዶችን ለቴሌቪዥን በማዘጋጀት ዓለም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የታየው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» አንዱ ሥራው ነው። «ጠመኔ ከያዝኩ በኋላ ምን ይሆንልኛል?» ለሚል መምህር ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ዴቪስ ምን ሠራ? የዲክንስ ታሪክ «እኔ እንዲህ አየሁ» እያለ በአንድ ሰው አፍ የሚተረክ ነው። ካሜራ ደግሞ «እኔ» ማለት አይችልም። በመጽሐፉ ምልክት ሰጪው አፍ ብቻ የሚነገረውን አደጋ በፊልሙ ላይ ዓይናችን እንዲያየው አደረገ። ሟቿን ሴት ሙሽራ አደረጋት፤ ከባቡር ስትወድቅም እናያለን። መንገደኛው በእንግዳ ማረፊያው ሌሊት እየቃዠ ሲሰቃይም ጨመረ። ይህን ለምን አደረገ? ፍርሃቱ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ እንድናይ ነው። ታሪክ ማላመድ ማለት ይህ ነው፤ አጥንቱን ሳይሰብሩ ሥጋ መጨመር።

አዘጋጁ ሎረንስ ጎርደን ክላርክ

አዘጋጁ ሎረንስ ጎርደን ክላርክ ይባላል። ወደዚህ ሥራ የገባው ከዘጋቢ ፊልም ነው። ከ1971 እስከ 1977 በየዓመቱ ለገና አንድ አንድ የመንፈስ ታሪክ አዘጋጅቷል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ኤም. አር. ጄምስ ከተባለ ደራሲ ታሪኮች የተወሰዱ ናቸው። «ምልክት ሰጪው» ስድስተኛው ነው።

ክላርክ ገንዘብ የተረፈው ሰው አልነበረም። ግን ከስቱዲዮ ወጥቶ እውነተኛ ቦታ ላይ መቅረጽን መረጠ። እርጥብ ድንጋይ፣ ጭጋግ፣ የባቡር ጭስ፣ የዋሻ ጨለማ ራሳቸው ተዋናይ ሆኑለት። መንፈሱንም ቶሎ ቶሎ አያሳየንም። ሲያሳየንም ለጥቂት ጊዜ ነው። ብዙ የታየ ነገር አያስፈራም፤ ይህን የሠፈር ተረት ነጋሪዎችም ያውቁታል።

ተዋናዮቹ

ምልክት ሰጪውን ሆኖ የሚጫወተው ዴንሆልም ኤልየት ነው። ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አታውቁም፤ በ«ኢንዲያና ጆንስ» ፊልሞች ላይ ማርከስ ብሮዲ የተባለውን ሽማግሌ ምሁር የሆነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አርፏል።

የዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። ወጣት ሳለ የትወና ትምህርት ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ገባ። በ1942 የተሳፈረበት አውሮፕላን ተመትቶ ባሕር ላይ ወደቀና በጀርመኖች ተማረከ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ቆየ። ታዲያ በዚያ በሽቦ በተከበበ ቦታ ምን ሲሠራ ነበር? ከእስረኛ ጓደኞቹ ጋር ቴያትር ይሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ያልጨረሰውን ሙያ ካምፕ ውስጥ ተማረው ማለት ይቻላል። እርግጥ የምርኮኛ ካምፕና የስደተኛ ካምፕ አንድ አይደሉም። ግን መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ ቀን ለቀን አንድ ቦታ መቆየት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነበር። ያችን ጠባብ ክፍል፣ ያንን ብቸኛ ሠራተኛ ሲጫወት አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ወደ ደወሉ ይመልሳል። በቃ፣ እንፈራለን።

መንገደኛውን የሚጫወተው በርናርድ ሎይድ ነው። ሥራው በአብዛኛው ማዳመጥ ነው። ማዳመጥ ደግሞ ከባድ ትወና ነው፤ አዳማጩ ካላመነ ተመልካቹም አያምንም። የባቡሩ ነጂ ሬጂናልድ ጄሰፕ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ግን ታሪኩ በሙሉ የሚፈታው በእሱ አፍ ነው። «ትንሽ ቦታ ሰጡኝ» ብላችሁ የምታኮርፉ ልጆች፣ ይህን ሰው አስቡት።

ከካሜራው ጀርባ

ፊልሙ የተቀረጸው ሰቨርን ቫሊ በተባለ የባቡር መስመር ላይ ነው። ይህ መስመር ተዘግቶ ከነበረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 በባቡር ወዳጆችና በበጎ ፈቃደኞች ጥረት እንደገና ሥራ የጀመረ ነው። የቀረጻ ቡድኑ ከዋሻው አጠገብ የምልክት ሰጪውን ቤት ውጫዊ ክፍል ለፊልሙ ሲል ሠራ። የቤቱ ውስጥ ግን ሃይሊ በተባለ ጣቢያ በሚገኝ እውነተኛ የምልክት ቤት ነው የተቀረጸው። ተመልካቹ በሩ ሲከፈት አንድ ቤት ይመስለዋል። ሁለቱን ቦታዎች አንድ ያደረጋቸው በኋላ የፊልም ቁራጮችን የቀጣጠለው ሰው ነው። ይህ እንዲሆን ውጭ የለበሰው ካፖርት ውስጥም ያው መሆን አለበት፤ ፋኖሱ በቀኝ እጅ ከነበረ በቀኝ መሆን አለበት። ይህን ብቻ እየመዘገበ የሚውል ሠራተኛ አለ።

ካሜራውን የያዘው ዴቪድ ዊትሰን ነው፤ ሙዚቃው የስቲቨን ዶይች ነው፤ ፕሮዲውሰሯ ሮዝመሪ ሂል ናት። ፕሮዲውሰር ማለት ገንዘቡን፣ ቀኑን፣ ሰዉን፣ ምግቡን የምታሟላ ሰው ናት። ባቡር እንደ መኪና «ትንሽ ወደ ኋላ» ተብሎ ወዲያው አይመለስም፤ ለአንድ ቀረጻ ነጂው፣ የጣቢያው ሰዎች፣ የካሜራው ቡድንና ተዋናዩ በአንድ ምልክት መንቀሳቀስ አለባቸው። የድምፅ ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። በታሪኩ ውስጥ መንፈሱ ሲመጣ ደወሉ የሚሰማው ለምልክት ሰጪው ብቻ ነው። ተመልካቹ ደወሉን ይስማ ወይስ አይስማ? ከሰማ፣ ከተለመደው ደወል በምን ይለያል? ይህ የጥበብ ጥያቄ ነው።

ለእኛ ክበቦች ምን ይጠቅማል?

ይህ ታሪክ ለመድረክ የሚመች ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና አንድ ደወል ይበቃዋል። ለደወሉ ትምህርት ቤት የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ይሆናል። ለቀይ መብራት የእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ማሰር ነው። በኩራዝ ወይም በፋኖስ ላይ ግን ጨርቅም ፕላስቲክም አታድርጉ፤ ቤት ይቃጠላል።

ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለን። በመካከላችን ሞትን በዓይኑ ያየ ልጅ ብዙ ነው። ስለ ሞትና ስለ መንፈስ የሚያወራ ድራማ ከመጀመራችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቁ፤ የማይፈልገውን አታስገድዱ፤ መብራቱን ወይም ጽሑፉን ይያዝ። ዲክንስም ቢሆን የደረሰበትን አደጋ እንዳለ አልጻፈውም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ነው የጻፈው። የአንድን ሽማግሌ ወይም የአንዲት እናት እውነተኛ ታሪክ ወደ መድረክ ስታመጡም መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ያ ምልክት ሰጪ የጠፋው ብቻውን ስለነበረ ነው። ምልክቱን አየ፤ የሚያማክረው ሰው ግን ያገኘው በመጨረሻው ሰዓት ነበር። በድራማ ክበብም መጋረጃ ሳቢው የመብራቱን ልጅ ካላየ፣ የመብራቱ ልጅ ተዋናዩን ካላየ ሥራው ይበላሻል። በሚቀጥለው ምዝገባ «እኔ መብራቱን እይዛለሁ» የሚል አንድ ተማሪ ከተገኘ ይህ ጽሑፍ ሥራውን ሠርቷል።

ለክፍል ውይይት

1. አንድሩ ዴቪስ በታሪኩ ላይ ምን ጨመረ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጨምሩ ነበር?
2. ምልክት ሰጪው «አደጋ አለ» ብሎ ቴሌግራፍ ማድረግ ነበረበት ትላላችሁ? ለምን?
3. ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ምረጡ። በመድረክ ለመሥራት ስንት ሰው ያስፈልጋል? ማን ምን ይሠራል? ዝርዝሩን ጻፉ።