የምድርን ንጣፎች በካርቶን ማተም



ጉድጓድ ሲቆፈር አይታችሁ ታውቃላችሁን? ምድር በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ ንጣፍ በንጣፍ ናት፡፡ ብዙውን ጊዜ ታችኛው ንጣፍ ቀድሞ የተጣለ፣ ላይኛው ደግሞ በኋላ የመጣ ነው፡፡ የድንጋዩንና የአፈሩን ዓይነት በየቀለሙ ለይቶ የሚያሳይ ካርታ የሥነ ምድር ካርታ ይባላል፡፡

እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ አባቱ የሞተበት በስምንት ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱም ከመንደር ትምህርት ቤት አላለፈም፡፡ ሆኖም ለጀልባ መሄጃ ቦይ ሲቆፈር የንጣፎቹን ቅደም ተከተል እያየ መዘገበ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን ትልቅ የሥነ ምድር ካርታ አወጣ፡፡ የካርታው መስመሮች ከመዳብ ሰሌዳ ታተሙ፤ ቀለሙ ግን በእጅ ተቀባ፡፡ የየንጣፉ ግርጌ ጠቆር፣ ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ካርታው እንደ ጥሩ ሥዕል ያምራል፡፡

እኛም በካርቶን እንዲህ እንሥራ፡፡

1ኛ. ከአሮጌ ካርቶን የደብተር ገጽ የሚያህል ሰሌዳ ቁረጡ፡፡

2ኛ. ከታች ወደ ላይ ንጣፎችን ለጥፉ፡፡ ለድንጋዩ የጆንያ ቁራጭ፣ ለሸክላው ለስላሳ ካርቶን፣ ለአሸዋው በሙጫ ላይ የተበተነ አሸዋ ይሁን፡፡ በደንብ ይድረቅ፡፡

3ኛ. የተፈጨ ከሰል በቀጭን የዱቄት ሙጫ ለውሱ፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል፡፡ በጨርቅ እየነካካችሁ ሰሌዳውን ቀቡ፡፡

4ኛ. ወረቀት አልብሳችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት፡፡ ጽሑፍ ተገልብጦ ስለሚታተም ስማችሁን በኋላ በእስክሪብቶ ጻፉ፡፡

አሁን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በሰያፍ ቁረጡት፡፡ በሰያፉ ላይ ያረፈውን ቁራጭ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች አንሸራትታችሁ እንደገና አትሙ፡፡ ተያይዘው የነበሩት ንጣፎች ተቋርጠው ይታያሉ፡፡ ይህ ስብራት ይባላል፡፡ ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚያቋርጠው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ መሬቱ እንዲህ ባሉ ስብራቶች እየሰመጠ የተፈጠረ ነው፡፡

ልብ በሉ፤ ንጣፉ ተቋረጠ እንጂ አልጠፋም፡፡ ከስብራቱ ማዶ ዝቅ ብሎ ይገኛል፡፡ ሸክላ ውሃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ከላዩ ባለው አሸዋ ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፡፡ ስብራቱን ያላወቀ ቆፋሪ ግን አሸዋው ጋ ሳይደርስ «ውሃ የለም» ብሎ ሊያቆም ይችላል፡፡

ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ኅትመታቸውን ሲያሳዩአችሁ «የትኛው ንጣፍ ቀድሞ ተጣለ? ከስብራቱ ማዶስ የት ይገኛል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፡፡ በአገር ቤት ጉድጓድ የቆፈረ ካለም ያየውን ንጣፍ በተራ ይንገራቸው፤ ቀጣዩን ሰሌዳ ከዚያ ይሠራሉ፡፡