ፓፒረስ (የፊደል ቅርጽ)

ፓፒረስ አሜሪካዊው የግራፊክስ ባለሙያ ክሪስ ኮስቴሎ እ.ኤ.አ. በ1982 በእጁ የሣለው የላቲን ፊደል ቅርጽ (ፎንት) ነው። ስሙን ያገኘው የጥንት ግብፃውያን ይጽፉበት ከነበረው የደንገል ወረቀት ነው፤ ደንገል በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ተክል ነው። ኮስቴሎ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከ2000 ዓመት በፊት በደንገል ላይ ቢጻፍ ምን ይመስል እንደነበር በማሰብ፣ ሻካራ ወረቀት ላይ በብዕር እየሣለ ስድስት ወር ያህል ሠርቶበታል። ሌትራሴት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1983 ለገበያ አቀረበው።

የፊደላቱ ጠርዝ የተበላ ይመስላል፣ ኩርባቸውም ወጥ አይደለም። በትልልቆቹ (ካፒታል) ፊደላት አግድም መስመሩ ከመሐል ከፍ ብሎ ይሰመራል። ይህ ጠባዩ የሚያምረው በትልቁ ሲጻፍ፣ ለምሳሌ በርዕስ ወይም በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ነው። በትንሹ ሲታተም ግን ሻካራው ጠርዝ የተበላሸ ሕትመት ይመስላል። ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። በእጅ የተጻፉ ሁለት «ኤ»ዎች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ በፓፒረስ ግን እያንዳንዱ «ኤ» ያንኑ ጭረት በዚያው ቦታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር የእጅ ሥራ መሆኑ ይረሳል።

ፎንቱ ከማይክሮሶፍትና ከአፕል ሶፍትዌሮች ጋር አብሮ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከምግብ ቤት ዝርዝር እስከ ሠርግ ጥሪ በየቦታው ታየ፤ መሰልቸቱም ከዚህ የመጣ ነው። በ2009 የወጣው «አቫታር» ፊልም ስለተጠቀመበት፣ በ2017 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተሰኘው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ቀልዶበታል።

ፓፒረስ የግዕዝ ፊደላትን አልያዘም፤ አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ በሌላ ፎንት ይተካዋል።