ምርጥ ዘር ይዞት የሚመጣው በሽታ

ማሳው ከሩቅ ሲታይ ለአጨዳ የደረሰ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን የበቆሎው ቅጠል ከዳር ወደ መሃል ደርቋል፤ ሽፋኑን ሲገልጡት ቆረቆንዳው ላይ ያለው እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ጭምድድ ፍሬ ነው። የኬንያ ቦሜት ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የገጠማቸው ይህ ነው። የበቆሎ ሌታል ኔክሮሲስ የተባለው ይህ በሽታ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካንሳስ የታወቀ ሲሆን፣ ከኬንያ ተነስቶ በ2014 ኢትዮጵያ ደረሰ።

በሽታው የሚነሣው ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው። አንዱ፣ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ፣ በአካባቢያችን የቆየ ነው። አዲስ የመጣው የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ በዘረመሉ በቻይና ከተገኘው ጋር በጣም ይቀራረባል።

ይህ ቫይረስ በዘር ይተላለፋል፤ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በአንድ ጥናት ከ42,000 ዘሮች ቫይረሱን ያስተላለፉት 17 ብቻ ነበሩ። በአንድ ሄክታር 50,000 ያህል በቆሎ እንደሚበቅል ስናስብ ግን ሃያ ገደማ የታመመ ቡቃያ ማለት ነው። የቀረውን ትሪፕስ የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳትና ጥንዚዛዎች ከተክል ወደ ተክል ያዳርሱታል። የተበከለው ዘር ከጤነኛው በዓይን ስለማይለይ፣ ከረጢት ከፍቶ ማየት ምርመራ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ለውጭ ዘር በሩን እንዝጋ? አይሆንም። በቆሎ ራሱ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው። በ2013 በኬንያ ናይቫሻ የተከፈተው የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እና የኬንያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጣቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ የበቆሎ ዓይነቶችን ሲፈትሽ፣ ጠንካራ የመቋቋም ባሕርይ ካሳዩት መካከል ከታይላንድ የመጡ ይገኙበታል። የዘር ልውውጥ ቢቆም መድኃኒቱም አይደርሰንም ነበር።

ስለዚህ መጠበቅ ያለበት መንገዱ ነው። ከውጭ የሚገባ ዘር ሳይዘራ በቤተ ሙከራ ይመርመር። የዘር ብዜት ማሳዎች ከቡቃያ ጀምሮ ይታዩ፤ የታመመው ይነቀል። በመስኖ በቆሎን በበቆሎ ላይ ደጋግሞ መዝራት ቀርቶ በባቄላና በቦሎቄ ይፈራረቅ፤ ማሳው ዓመቱን ሙሉ በበቆሎ ከተሸፈነ ቫይረሱም ነፍሳቱም መጠጊያ አያጡምና።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ወጪውን መሸከም ያለባቸው ግን ዘሩን የሚያስገቡት፣ የሚያባዙትና የሚቆጣጠሩት አካላት ናቸው። ምርጥ ዘር በብድር የሚገዛ ገበሬ ለዘሩ ጤንነትም ጭምር ከፍሏል፤ ዘሩ ታሞ ቢገኝ ዕዳውን እሱ ብቻ መክፈል የለበትም።